አየር የማያስገባው ሽምግልና

ያ ዘመን ሁሉ ነገር የሚገመገምበት ዘመን ነበር። መምህሩ ይገመገማል፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ይገመገማል፤ ገምጋሚውም ተራው ሲደርስ ቁጭ ብሎ ይገመገማል። በእኛ በመንዞቹ ከተማ፣ በመሐል ሜዳ፣ ሳይገመገም የቀረው አየር ብቻ ነበር። በአንድ የጥር ሰኞ የእሱም ተራ ደረሰና ከአዲስ አበባ ገምጋሚ ተላከበት።

ስለ ገምጋሚው ከማውራቴ በፊት ስለ ተገምጋሚው ትንሽ ልበል። የመንዝን ነፋስ የማያውቅ ሰው ነፋስ ማለት ቅጠል የሚያወዛውዝ ነገር ይመስለዋል። እኛ ዘንድ የሚወዛወዝ ቅጠል ብዙም ስለሌለ ነፋሱ ሰው ያወዛውዛል። ሳያንኳኳ ይገባል። ሲገባም እንደ ደንበኛ እንግዳ በር አጠገብ አይቀመጥም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ጉልበት ይሄዳል። ስለዚህ የእኛ ሰው ከጅብ ይልቅ ቀዳዳ ይፈራል። ጅብ ቢከፋ አህያ ይበላል። በቀዳዳ የገባ ብርድ ግን፣ ትልልቆቹ እንደሚሉት፣ ጎን ወግቶ፣ ወገብ ቆርጦ፣ ጆሮ ደፍኖ ነው የሚወጣው።

እኔ የምተዳደረው በዚሁ ፍርሃት ነው። በርና መስኮት እሠራለሁ። ማንም አላስተማረኝም። አንድ የተጣለ የጣሊያን ጊዜ በር አገኘሁና ፈትቼ ገጠምኩ፣ ፈትቼ ገጠምኩ፤ በሩ ሲሰለቸው እኔ ሙያተኛ ሆንኩ። ብዙ አላወራም። ሌላው ለወሬ የሚያውለውን ጊዜ እኔ ጣውላ ከጣውላ ለማጋጠም አውለዋለሁ። አንድ በር ከገጠምኩ በኋላ ጧፍ አበራና በመቃኑ ዙሪያ ቀስ እያልኩ አዞራታለሁ። ነበልባሏ ካዘነበለች ነፋስ ገብቷል ማለት ነውና ፈትቼ እንደገና እጀምራለሁ። እንደ ቅዳሴ ዲያቆን ቀጥ ብላ ከቆመች ያን ጊዜ መዶሻዬን እሰበስባለሁ። አንዳንዱ ደንበኛ፣ "ይበቃል ልጄ፣ ሙሽራ አታስገባበት" ይለኛል። አልሰማውም።

ሙሽራ ካልኩ ዘንድ ትርንጎን ላንሣ። ትርንጎ በጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል የምትሠራ የጋሽ ሸዋንግዛው ልጅ ናት። ጋሽ ሸዋንግዛው በመንዝ ካሉት ብርድ ፈሪዎች ሁሉ አውራው ናቸው። ጆሯቸውን በጥጥ ይደፍናሉ፤ በጥጡ ላይ ቆብ፣ በቆቡ ላይ ፎጣ፣ በሁሉ ላይ ባና ይደርባሉ። ስለዚህ የሚሰሙት የሚጮህላቸውን ሰው ብቻ ነው። እኔ ደግሞ መጮህ አልችልም። ልጃቸውን የመጠየቁ ነገር በሽማግሌ መሆኑ በጀኝ።

ለትርንጎ ለራሷ የነገርኳት የካርድ ክፍሉን መስኮት ሳስተካክል ነው። ጧፌን አዞርኩ፤ ነበልባሏ ቆመች። "ከእንግዲህ ይህ መስኮት ብርድ አያስገባብሽም" አልኳት። ለእኔ ይህ ረጅም የፍቅር ንግግር ነው። እሷም ቀና ብላ አየችኝና ከንፈሯን በነጠላ ሸፍና ሳቅ እያለች፣ "ሽማግሌ መላክ ፈርተህ ነው በመስኮት የምትዞረው?" አለችኝ። ይህን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት። አጎቴ ጋሽ ደምሴና መምሬ አስራት፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ መልሱ እንዲገኝ፣ የካቲት በባተ እሑድ ሊሄዱልኝ ተስማሙ። ጾም ከገባ ነገሩ ሁሉ እስከ ፋሲካ ያድራል፤ እስከ ፋሲካ ደግሞ ሌላ ሰው ሌላ ሽማግሌ ሊልክ ይችላል። እኔ በር ሠሪ ነኝ፤ በር ክፍት ሆኖ ሲያድር ምን እንደሚገባበት አውቃለሁ።

ገምጋሚው የመጣው እንግዲህ በዚህ መሐል ነው። ጤና ጣቢያው ለሳንባ ሕሙማን አዲስ ክፍል አሠርቶ ነበርና፣ ክፍሉ ንጹሕ አየር በበቂ ማግኘት አለማግኘቱን፣ በማይፈለግበት በኩልም አየር ማሾለክ አለማሾለኩን የሚፈትሽ ኢንጂነር ተላከ። ዮናስ ይባላል። ረጅም ነው። ጥርሱ የተሟላ ነው። ጃኬቱ ኪስ በኪስ ሆኖ ከዚፖቹ አንዱም አልተበላሸም። እነዚህን ዝርዝሮች የማነሣው ጥንቃቄ ስለምወድ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ከሣጥኑ ያወጣውን አይቶ ለማመን ከተማው በሙሉ ጤና ጣቢያው ግቢ ገባ። በር ላይ የሚወጠር ቀይ ሸራ አለው። ከሸራው ሥር ከበሮ የሚያህል ማራገቢያ ይገጠማል። ማራገቢያው የክፍሉን አየር እየሳበ ሲያወጣ፣ የውጪው አየር ያገኘውን ስንጥቅ ሁሉ ተጠቅሞ ይገባል። ያን ጊዜ ነጭ ጭስ የምትተፋ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ በግድግዳው ላይ እያስጠጉ መመልከት ነው፤ ጭሱ ከተበተነ ስንጥቅ አለ።

"ነፋስ በማሽን ይለካል እንዴ?" አለ ከሕዝቡ አንዱ። "እኛ እኮ በጥርሳችን ስንለካው ኖረናል።"

ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። እኔ በጧፍ ስሠራው የኖርኩት ነገር ነው! በጧፍ ሲሆን "ይበቃል ልጄ"፣ በጠርሙስ ሲሆን ምርመራ።

ይህም ባልከፋ። ጠርሙሷን የምትይዝለት ሰው ሲፈልግ ግን ትርንጎን ጠራት። "እጅሽን አታንቀጥቅጪ፣ ቀስ" ይላታል፤ እሷም ትስቃለች። የትርንጎን ሳቅ ጠንቅቄ አውቃለሁ። ለእኔ መስኮት የወጣው ሳቅ የዚህን ግማሽ አይሆንም ነበር፤ ያውም ከንፈሯን በነጠላ ሸፍና።

ኢንጂነሩ ፈትሾ ፈትሾ ግራ ገባው። ክፍሉ አያሾልክም፤ ግን ደግሞ አይተነፍስም። ግንበኛው ከጣሪያው ሥር ለአየር ብሎ የተዋቸው ቀዳዳዎች በወረቀቱ ላይ አሉ፤ በግድግዳው ላይ የሉም። መሰላል አስመጥቶ ወጣና ግድግዳውን በጣቱ ጀርባ እያንኳኳ ሄደ። አንድ ቦታ ሲደርስ ቆመ፤ በሚስማር ፈልፈል አደረገው። የበግ ጠጉር ወጣ፤ ከጠጉሩ ኋላ ሰም፤ ከሰሙ ኋላ ደግሞ ጠጉር።

የደፈንኩት እኔ ነኝ። ሕሙማኑ፣ "ልጄ፣ በሽታው ሳይደርስብን ብርዱ ሊቀድመው ነው" ብለው ለመኑኝ፤ ለለመነ ደግሞ አልጨክንም። ጠጉሩን በሰም ነክሬ ጠቀጠቅሁት፤ በላዩ ጭቃ መረግሁ፤ የግድግዳውን ቀለም አመሳስዬ ቀባሁት። የግድግዳው ቀለም ሁለት ዓይነት ነጭ ነበር፤ ሁለቱንም አመሳስያለሁ።

"ይህን የሠራው ማነው?" አለ ኢንጂነሩ ከመሰላሉ ላይ። "እንዲህ ያለ ጥብቅ ሥራ በሕይወቴ አላየሁም!"

ጣት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ትርንጎም፣ "የእኛ ጠጋኝ ነው" አለችው። ደስ ሊለኝ ነበር። ወዲያው ግን "የእኛ" ስትል እሱንም ጨምራ እንደሆነስ ብዬ አሰብኩና ደስታው ቀረ። ሰው ሲቀና ምስጋናም ይወጋዋል። ቅናት ልክ እንደዚያች ጠርሙስ ጭስ ነው፤ ደኅናውን ግድግዳ ሁሉ አልፎ ስንጥቁ ላይ ሲደርስ ብቻ ይበጠበጣል።

የኢንጂነሩ ማረፊያስ የት ይመስላችኋል? በጋሽ ሸዋንግዛው ሳሎን ጎን የተቀጠለችው የኪራይ ክፍል! ከተማው ሙሉ ክፍል ሞልቶት እዚያ ገባ። ከዚያ በኋላ ትርንጎ ቋንቋዋ ተለወጠ። ድሮ "ብርድ" የምትለውን "የአየር ልውውጥ" ትለው ጀመር። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ በሥራ ቤቴ ደጃፍ ቆመችና፣ "አንተ፣ ይህ ቤትህ እኮ የአየር ልውውጥ የለውም" አለችኝ። እኔ ከእሷ ሌላ ልውውጥ ነበር የምፈልገው።

በሳምንቱ ደግሞ የባሰ ወሬ መጣ። ኢንጂነሩ ጋሽ ሸዋንግዛውን፣ "የሳሎንዎ የኋላ ግድግዳ ላይ መስኮት ይክፈቱ" ብሎ መክሯቸዋል! በዚህ ከተማ ስለ መስኮት የሚጠየቀው እኔ ነበርኩ። ሮጬ ሄድኩ። ጋሽ ሸዋንግዛው ባናቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ተቀምጠዋል።

"አየር መግቢያና መውጫ ይፈልጋል ይለኛል" አሉ ገና ሲያዩኝ። "ምን ሆኖ ነው መውጫ የሚፈልገው? መጀመሪያስ ሲገባ ማን ፈቀደለት?"

ወደድኳቸው። "ጋሼ፣ እኔ እደፍንልዎታለሁ" አልኳቸው።

"ምን አልክ?"

"እደፍንልዎታለሁ!" በሕይወቴ ከጮህኩት ሁሉ ትልቁ ጩኸት ይህ ነው።

"ተባረክ! ሰው ማለት አንተ ነህ።"

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ሥራ አሁንም ሳስበው እኮራለሁ፤ ልቆጣጠረው አልችልም። ጣሪያና ግድግዳ የሚገናኙበትን በጭድና በጭቃ መረግሁ። መስኮቱን በሰም አተምኩ። በመቃኑ ዙሪያ ከመኪና የውስጥ ጎማ ቆርጬ ለጠፍኩ፤ በሩ ሲዘጋ እንደ ጠርሙስ ክዳን "ፍፍ" ብሎ ይገጥማል። ሳሎኑንና የኢንጂነሩን ክፍል በሚለየው ግድግዳ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አገኘሁ። በዚያች ስንጥቅ በኩል ከወዲያ ወዲህ ስንት ሳቅ እንዳለፈ እግዜር ይወቀው። እሷን ደረብ አድርጌ ደፈንኳት።

ትርንጎ ከሥራ ገባችና ቆማ አየችኝ።

"ኧረ አንተ ሰው፣ በምን ልንተነፍስ ነው?"

"በአፍንጫ ነው እንጂ በግድግዳ ይተነፈሳል እንዴ?" አልኳት።

ፊቷን አዙራ ወጣች። የረታኋት መስሎኝ ነበር። ጧፌን አብርቼ ቤቱን ዞርኩ። ነበልባሏ ከመጀመሪያው ጥግ እስከ መጨረሻው ቀጥ እንዳለች ቆየች። እንዲያውም ትንሽ የደከመች መስላኝ ነበር፤ ከደስታ ነው አልኩ።

እሑድ ደረሰ። በእኛ ወግ ጠያቂው ልጅ ሽምግልናው ካለበት አይደርስም፤ ቤቱ ተቀምጦ ጥፍሩን ይበላል። እኔ ግን ኢንጂነሩ በዚያው ግቢ እያለ እንዴት አድርጌ ልቀመጥ? በጓሮ ዞሬ ከኋላ ግድግዳው ተለጠፍኩ። ሽማግሌዎቼ ከቅዳሴ መልስ ገብተዋል፤ በሩ "ፍፍ" ሲል ሰምቻለሁ። ትርንጎና እናቷ ማድ ቤት ናቸው። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አደረግሁ።

ምንም።

ትንሽ ራቅ ብዬ ሌላ ቦታ ሞከርኩ። ምንም። በጣሪያው ሥር፣ በመሠረቱ በኩል፣ ድሮ ስንጥቅ በነበረበት ሁሉ ሞከርኩ። የገዛ ሽምግልናዬን ከገዛ ጆሮዬ ደፍኜዋለሁ! እንደ ሥራው ጥራት የሚያናድድ ነገር የለም። እምቢ ብለዋቸው ይሆን? ተቀብለዋቸው ይሆን? እጄ ሥራውን ፈልፍሎ ለማበላሸት ተነሣ፤ ሙያዬ አልፈቀደልኝም።

"ምን ታዳምጣለህ?" አለኝ አንድ ድምፅ ከኋላዬ። ኢንጂነሩ ነው።

"ግድግዳ እየፈተሽኩ ነው።"

"በእሑድ?"

"ስንጥቅ እሑድን አያከብርም።"

ሳቀና ሊሄድ ሲል ቆመ። "ውስጥ ማን አለ?"

"ሽማግሌዎች።"

"በዚህ ብርድ? ከሰል አስገብተዋል?"

"ጋሽ ሸዋንግዛው ናቸው እኮ። ማንደጃው እግራቸው ሥር ሳይሆን የት ይቀመጣሉ?"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከቅዳሴ መልስ።"

ፊቱ ተለወጠ። ዞሮ ወደ ፊት በር ሮጠ። እኔም ተከትዬው ሮጥኩና ቀደምኩት፤ በሩ ላይ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። ገባኝ! ነገሬ ሊያልቅ ሲል ሊያፈርሰው ነው የመጣው።

"አይገባም!" አልኩት። "እንግዳ ነህ፣ ወጉን አታውቅም። መልስ ሳይሰጥ በር አይከፈትም።"

"መልስ የሚሰጥ ሰው ከተረፈ እኮ ነው! ልቀቅ!"

"አልለቅም!"

በዚህ መሐል ትርንጎ የጠላ ማንቆርቆሪያ ይዛ ከማድ ቤት ብቅ አለች፤ ነገሩ ስለረዘመ ጉሮሯቸውን ያርሱ ብላ ነው።

"በር ላይ ምን ያጣላችኋል?"

"በአንቺ ነው!" አልኩ።

"በከሰል ነው!" አለ ኢንጂነሩ።

ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠችና በሩን መታች። "አባዬ!" ዝም። የአባቷ ዝምታ ብርቅ አይደለም፤ ጥጥ አለ። "መምሬ!" አለች። ዝም። መምሬ አስራት ግን ተጠርተው ዝም ያሉበትን ቀን እኔ አላውቅም፤ ሳይጠሩም ይመልሳሉ። ያን ጊዜ እጄን ከበሩ ላይ አነሣሁ። ሦስታችንም በሩን ገፋን። ጎማዬ ይዞታል። እንደገና ገፋን። "ጧ!" ብሎ ተከፈተና የሞቀ አየር ፊታችንን መታን።

ጋሽ ሸዋንግዛው አንገታቸውን በአጎቴ ትከሻ ላይ ጥለዋል፤ አጎቴም ራሱን በእሳቸው ቆብ ላይ አስደግፏል፤ ከዘመናት ጠብ በኋላ የታረቁ ይመስላሉ። መምሬ አስራት ብቻ ዓይናቸው ግማሽ ተከፍቶ፣ "ይኸውም... ይኸውም... ይኸውም..." ይላሉ፤ የጥያቄው ንግግር እዚያ ላይ ቆሞባቸዋል። ጎትተን አወጣናቸው። እኔ መምሬን ይዣለሁ። አባቷን በትከሻው የተሸከመው እሱ መሆኑ በዚያች ሰዓት እንኳ አላመለጠኝም።

ውጪ፣ ያ ዕድሜዬን ሙሉ ስዋጋው የኖርኩት ነፋስ ጠበቀን። ፊታቸውን መታ፤ በነጠላቸው ገባ፤ በባናው ሥር አለፈ። አጎቴ አስመለሰው። መምሬ "ይኸውም"ን ጨርሰው "እግዚኦ" አሉ። ጋሽ ሸዋንግዛው ግቢው መካከል እንደተጋደሙ ዓይናቸውን ገለጡና፣ "ብርድ ገባ፣ በሩን ዝጉ" አሉ። ትርንጎ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ውሃ ጠጥተው፣ ጭንቅላታቸውን ይዘው ሲቀመጡ ሌላ ጣጣ ተነሣ። መልሱ ምን ነበር?

"አልቋል" አሉ መምሬ። "ሸዋንግዛው፣ 'ውሰዷት' ብለሃል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።"

"እኔ የሰማሁት የገዛ ራሴ ሲጮህ ነው" አለ አጎቴ።

"እኔ?" አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው። "በመጀመሪያ ቀን? የመጀመሪያ ቀን 'ከዘመድ ልማከር' ነው የሚባለው! በመጀመሪያ ቀን 'ውሰዷት' የሚል አባት መንዝ ውስጥ ተሰምቶ ያውቃል? ብዬም እንደሆነ ታምሜ ነው።"

"ታመህማ ነበር" አሉ መምሬ።

"እንግዲያው ያ የከሰሉ መልስ ነው፤ የእኔ አይደለም!" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "ቤቴን መቃብር አድርጎ የደፈነውስ አንተ አይደለህም? አንተ ነህ ልጄን የምትጠይቅ?"

"ተባረክ" ብለውኝ እንደነበር ላስታውሳቸው ፈለግሁ። ለመጮህ ግን ጉልበት አልነበረኝም። ነገሬ በዚያች ደቂቃ፣ በሁሉም ፊት፣ እንደ ጭስ ሊበተን ነው።

ያን ጊዜ ማን ቢናገርልኝ ጥሩ ነው? ኢንጂነሩ! "ጋሽ ሸዋንግዛው፣ ሥራው እኮ ጉድለት የለበትም። የጎዳን ሥራው ጥሩ መሆኑ ነው። እኔ ለባለቤቴ እንኳ ስለ እሱ ብዙ አውርቻለሁ።"

ለቀናተኛ ሰው የባላጋራው ምስክርነት ከዱላ ይብሳል። ግን አንዲት ቃል ጆሮዬ ላይ ቀረች።

"ሚስት አለው?" አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። "እንዴ!" አለች ትርንጎ እንባዋን እየጠረገች። "በየቀኑ እኮ በካርድ ክፍሉ ስልክ ትደውላለች። የምታስቀኝ ማን መሰለህ? እሷ እኮ ናት! 'ያንን ማራገቢያ ሲያቅፍ አይተሽዋል? ጣውንቴ እሷ ናት' ትለኛለች።"

"ሚስት እንዳለው ከተማው ሁሉ ያውቃል" አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ጥጣቸው ቀስረው፣ "እኔ እንኳ ሰምቻለሁ!" አሉ።

አፈርኩ። ብዙ የማይናገር ሰው ብዙ የሚያውቅ ይመስለዋል፤ ያልጠየቀውን ግን ማን ይነግረዋል? ትርንጎ ወደ አባቷ ዞረች። ለካ እሷም ስትፈልግ ትጮኻለች።

"አባዬ! ዛሬ የተባለው ሁሉ ይቅር! እሱ የኋላውን መስኮት ይክፈት! በራሱ እጅ! ከዚያ ሽማግሌ ይምጣ!"

ጋሽ ሸዋንግዛው አንድ ጊዜ ወደ ቤታቸው፣ አንድ ጊዜ ወደ ማንደጃው አዩ። በብርድ ፍርሃትና በራስ ምታት መካከል የተያዘ ሰው ያሳዝናል። "እሺ፣ ይክፈት" አሉ በመጨረሻ። "ትንሽ ግን ትሁን።"

በሕይወቴ ግድግዳ በስቼ አላውቅም ነበር። ያውም ከግድግዳ ሁሉ የምኮራበትን፣ ያውም ኢንጂነሩ በጠመኔ ባሰመረልኝ መሥመር! መሥመሩን በጣት ስፋት ወደ ግራ አዛወርኩት። አየኝ፤ ምንም አላለም፤ ይህም አናደደኝ። ድንጋዩን ነቅዬ ሳወጣ ነፋሱ እጄን አልፎ ገባና ሰሙን ፍቄ በከፈትኩት በፊት ለፊቱ መስኮት ወጣ። ትርንጎ የእኔን ጧፍ አብርታ መካከል ላይ ቆመች። ነበልባሏ ጎንበስ አለች፤ ተንቀጠቀጠች፤ ጠፋች። "አሁን ገና ቤት ሆነ" አለች። ሳቀችም፤ በነጠላ አልሸፈነችውም።

ቅበላ ሳይደርስ ሽማግሌዎቼ ተመለሱ። ሁለቱም መስኮቶች ክፍት ናቸው፤ ይህ የትርንጎ ትእዛዝ ነው። እኔ በአዲሱ መስኮት ሥር ተቀምጬ እያንዳንዱን ቃል ሰማሁ። ጋሽ ሸዋንግዛው ያላቸውን ባና ሁሉ ተከናንበው ጥርሳቸው ስለሚንገጫገጭ "እሺ" ለማለት ብዙ ደከሙ። "እ... እ... ሺ" ሲሉ መምሬ አስራት፣ "ቆራርሶም ቢሆን ሰጥቷል፤ ራሱን ያወቀ ሰው ቃል ነው፤ መሰከርን!" አሉ።

ኢንጂነሩ ሣጥኑን አሽጎ በአውቶቡስ ሄደ። ሲሰናበተኝ አቀፈኝ፤ ጥሩ ሰው ነው፤ ይህን ለማመን ግን እስኪሄድ መጠበቅ ነበረብኝ። ከፋሲካ በኋላ ተጋባን። ለራሳችን ቤት ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት መስኮቶች ሠራሁ፤ ልኩን የሰጠችኝ ትርንጎ ናት።

አሁን በየማለዳው ተነሥታ ሁለቱንም ትከፍታለች። ከዚያ መካከላቸው ትቆማለች። የመንዝ ነፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው ሲያልፍ ነጠላዋን ያነሣል፤ ፀጉሯን ይነካል። ዓይኗን ጨፍና ፈገግ ትላለች። ያን ፈገግታ ለእኔ አሳይታኝ አታውቅም። እኔ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዬ ስቤ፣ እንደ አማቴ፣ ከአልጋ ሆኜ አያታለሁ። እጄ ሰሙ ወዳለበት መደርደሪያ ይሄድና ይመለሳል።

በኢንጂነሩ የቀናሁት ሳልጠይቅ ነበር፤ ሚስት ነበረው። አሁን ግን እንደዚያ አልሞኝም፤ አስቀድሜ ትልልቆቹን ጠይቄያለሁ። ነፋስ ሚስት የለውም።